የጎመን ዘር አመጣጥና የዘረመል ብዝኃነት፦ ከምጣድ ማሰሻ እስከ አውሮፕላን ነዳጅ

ዋይሊ በቴክሳስ ግዛት፣ ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በላቮን ሐይቅ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዚህ በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ ጎመን ከማዕድ አይጠፋም። ይሁንና ከገበያ የሚገዛው “ኮላርድ” የተባለው ቅጠል እና በኢትዮጵያ ደጋ ጓሮዎች የሚበቅለው የሐበሻ ጎመን አንድ ዓይነት ተክል አይደሉም። ሁለተኛው ፍሬው “ጎመን ዘር” የሚባለው ነው። በአሁኑ ዘመን ይህ ተክል ከወጥ ቤት አልፎ በሌላ ሥራ ተፈላጊ ሆኗል፤ ከዘይቱ የአውሮፕላን ነዳጅ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት አንድ ፋልከን 20 ጄት ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ፣ ምንም የማዕድን ነዳጅ ሳይቀላቀልበት፣ በኦታዋ ሰማይ ላይ አበረረ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ኳንታስ አየር መንገድ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልበርን ባደረገው በረራ አሥር በመቶው ከዚሁ ተክል የተገኘ ድብልቅ ነዳጅ ተጠቀመ። ይህን ያህል የተፈለገው ተክል ከየት መጣ? የወደፊት ዕጣውስ በምን ላይ የተመሠረተ ነው?

ሁለት ወላጆች

የጎመን ዘርን የዘር ሐረግ ግልጽ ያደረገው በጃፓን ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ናጋሃሩ ዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት በጎመንና በሰናፍጭ ወገን ያሉ ስድስት ተክሎችን ዝምድና በሦስት ማዕዘን ሥዕል አሳየ። በማዕዘኖቹ ላይ ሦስቱ ነባር ዝርያዎች ይቀመጣሉ፤ በጎኖቹ ላይ ደግሞ ከእነዚህ መዳቀል የተወለዱት ሦስት ልጆች። ጎመን ዘር ከልጆቹ አንዱ ሲሆን ወላጆቹ ጥቁር ሰናፍጭ እና ጥቅል ጎመንን፣ አበባ ጎመንንና ኮላርድን የሚያቅፈው የጎመን ዝርያ ናቸው።

ማስረጃው በክሮሞዞሞች ቁጥር ላይ ይታያል። ጥቁር ሰናፍጭ በእያንዳንዱ ሕዋሱ 16 ክሮሞዞሞች፣ ማለትም 8 ጥንዶች አሉት። ጎመን 18፣ ማለትም 9 ጥንዶች አሉት። ጎመን ዘር 34 ክሮሞዞሞች ወይም 17 ጥንዶች ሲኖሩት ይህ የሁለቱ ወላጆች ድምር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች የሚወለድ ዲቃላ መካን ይሆናል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክሮሞዞም ዘር በሚፈጠርበት ጊዜ አቻ ጥንድ ያጣል። በጎመን ዘር ግን ክሮሞዞሞቹ በእጥፍ በመባዛታቸው እያንዳንዱ አቻውን አገኘ፤ ዲቃላውም ፍሬ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆነ።

የትኛው ወላጅ እናት እንደነበረም ይታወቃል። በቅጠል ውስጥ የፀሐይን ብርሃን የሚይዘው ክሎሮፕላስት የራሱ የሆነ ዘረመል አለው፤ ይህም በዚህ የተክል ወገን የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው። የጎመን ዘር ክሎሮፕላስት ከጥቁር ሰናፍጭ ጋር ይመሳሰላል። እናቲቱ ሰናፍጭ፣ አባትየው ጎመን ነበር ማለት ነው።

የዱር ዘመድ የሌለው ተክል

እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገሪቱን ከዓለም የሰብሎች መነሻ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። አንድ ሰብል ብዙ ዓይነት መልክ ይዞ በሚገኝበት ሥፍራ ረዥም ዕድሜ ሳያስቆጥር አይቀርም የሚለው መርሕ የእርሱ ትምህርት መሠረት ነበር። የጎመን ዘር ዓይነቶች በብዛት የሚገኙት በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች በመሆኑ መነሻው በዚህ አካባቢ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል።

ከዚሁ ጋር አንድ ትኩረት የሚሻ እውነታ አለ። በዱር በራሱ የሚበቅል ጎመን ዘር አይታወቅም። የአባትየው የዱር ዘመዶችም የሚገኙት በሜዲትራኒያንና በአውሮፓ የአትላንቲክ ዳርቻዎች እንጂ በኢትዮጵያ ደጋ አይደለም። ስለዚህ ተክሉ ከጅምሩ ዕጣ ፈንታው ከሰው እጅ ጋር የተሳሰረ ሳይሆን አልቀረም።

የዚህ ውጤት ከባድ ነው። በጥቂት ተክሎች መዳቀል የተወለደ ዝርያ ሲጀምር የሚይዘው የወላጆቹን ዘረመል ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ዛሬ በውስጡ የሚታየው ልዩነት ከዚያ በኋላ በዘረመል ለውጥና በገበሬዎች ምርጫ ቀስ በቀስ የተከማቸ ነው። ሌሎች ሰብሎች ብዝኃነታቸው ሲመናመን ተመራማሪዎች ወደ ዱር ዘመዶቻቸው ይመለሳሉ። ጎመን ዘር ግን የሚመለስበት ዱር የለውም። መጠባበቂያው የገበሬው ጓሮና የዘር ባንክ ብቻ ናቸው።

ብዝኃነቱ በጓሮ ውስጥ

በኢትዮጵያ ጎመን ዘር በአብዛኛው የሚዘራው በቤት አጠገብ ባለ ፍግ በጠገበ መሬት ነው። ለጋ ቅጠሉ ይቀቀላል፤ የተወቀጠው ፍሬ እንጀራ ከመጋገሩ በፊት ምጣድ ይታሰስበታል፤ ዘይትም ይጨመቅበታል። በቅጠሉ ልስላሴ፣ በፍሬው ቀለም፣ በቁመቱ ወይም ቶሎ በመድረሱ እየመረጡ ለከርሞ ዘር የሚያስቀሩት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ቡናማና ቢጫ ፍሬ ያላቸው ዓይነቶች የዚህ ልዩነት ምሳሌ ሲሆኑ፣ ቢጫው ገለባው ስስ በመሆኑ ዘይቱ ይበዛል።

ይህን ሀብት በሥርዓት የማሰባሰቡ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ በተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው የዕፀዋት ዘር ማዕከል ነው። ማዕከሉን ለረዥም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬዎች ነባር ዘር በማሳ ላይ እንዳለም መጠበቅ እንዳለበት በማስተማራቸውና በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በበኩሉ ከእነዚህ ነባር ዘሮች የተሻሻሉ ዓይነቶችን እየመረጠ ሲያወጣ ቆይቷል።

አንዱ ፍሬ፣ ሁለት ፍላጎት

የጎመን ዘር ዘይት 40 በመቶ ያህሉ ኤሩሲክ አሲድ ነው። የዚህ አሲድ ሰንሰለት 22 የካርቦን አተሞች አሉት። የጄት ነዳጅ በአብዛኛው ከ8 እስከ 16 ካርቦን ካላቸው ሞለኪውሎች የተሠራ በመሆኑ ረዥሙ ሰንሰለት ሲሰነጠቅ ለነዳጅ የሚመቹ ቁርጥራጮች ይገኙበታል። ለምግብ ግን ይህ አሲድ ሲበዛ አይመከርም። ስለዚህም ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ጌትነት አለማውና የካናዳ ባልደረቦቻቸው ጎመን ዘርን ከሌላ የሰናፍጭ ዝርያ ጋር በማዳቀል ኤሩሲክ አሲድ የሌለው ዓይነት ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1994 አሳውቀዋል። ለምጣዱም ለሞተሩም የሚያገለግል አንድ ፍሬ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሁለቱንም ፍላጎት ለማስተናገድ ብዝኃነት ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ጎመን ዘር ማሳ ባዶ በሚሆንበት በክረምት ወራት የሚዘራ የነዳጅ ሰብል ሆኖ እየተሞከረ ነው። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተመራ የምርምር ኅብረትም ለዚሁ ተቋቁሟል። ዋናው ጠላት ውርጭ ነው። ውርጭን የሚቋቋም ዘረመል የሚፈለገው ከተሰበሰቡት ነባር ዘሮች መካከል ነው። በቴክሳስም ቅጠሉ ለምግብ የሚውል “ቴክስል” የተባለ የጎመን ዘር ዓይነት አለ፤ “ታሙ ቴክስል” የሚለው ሙሉ ስሙ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲን ምሕፃረ ስም የያዘ ነው። የደጋው ተክል ዋይሊ ወዳለችበት ግዛት የገባው ስለ አውሮፕላን ነዳጅ ሳይታሰብ ገና ድሮ ነው።

የጥቅም ተጋሪነት ጥያቄ

የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል፤ ሀብቱን የሚወስድ ሁሉ ፈቃድ እንዲያገኝና ጥቅሙን እንዲያጋራ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ስምምነት የተደረሰበት የናጎያ ፕሮቶኮልም ዓላማው ይኸው ነው። ሆኖም የብዝኃ ሕይወት ስምምነት በሥራ ላይ ከዋለበት ከእ.ኤ.አ. 1993 መጨረሻ በፊት ከአገር የወጡ ዘሮች በአጠቃላይ በዚህ ማዕቀፍ አይሸፈኑም። ዩናይትድ ስቴትስም ስምምነቱን ፈረመች እንጂ እስካሁን አላጸደቀችም። ስለዚህ ዘሩን ለዘመናት ያቆየችው እናት ከአውሮፕላኑ ነዳጅ የሚደርሳትን ድርሻ የሚያረጋግጥ የተሟላ ሥርዓት የለም።

ለነዳጅ የሚዘራ ሰፊ ማሳ አንድ ወጥ ዘር ይፈልጋል፤ አንድ ወጥ ዘር ደግሞ አዲስ በሽታ ወይም ያልተለመደ ውርጭ ሲመጣ በአንድ ላይ ይጎዳል። ያን ጊዜ መፍትሔው የሚፈለገው ከነባሮቹ ዘሮች ነው። በኢትዮጵያ አንድ ጓሮ በቤት ሲተካ ወይም በአንድ ሰብል ብቻ ሲሸፈን ከጎመኑ ጋር ሌላ ቦታ የማይገኝ ዘረመል ሊጠፋ ይችላል። በዋይሊ ጓሮ ጎመን ዘር የሚዘራ ሰውም ከአንድ ተክል ብቻ ዘር ቢያስቀር ልዩነቱ በየዓመቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከብዙ ተክሎች እያቀላቀለ ቢያስቀር ግን ዘሩ በውስጡ ያለውን ልዩነት ይዞ ይቆያል። በደጋው እናቶች ዘንድ የኖረው ልማድ ይኸው ነው፤ የአውሮፕላኑም ነዳጅ የቆመው በእርሱ ላይ ነው።