ፈርምዌር ምንድን ነው? መቼስ ይታደሳል?

ከዚህ ማሠልጠኛ ተመርቀን ወደየምድብ ቦታችን ስንሄድ የሚጠብቀን ሥራ በሰሌዳ ፊት መቆም ብቻ አይደለም። በትንሽ ከተማ መምህር ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ደብዳቤ ያነባል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ሪሲቨሩ ወይም ራውተሩ ሲያስቸግር «መምህር፣ እስቲ ይቺን ነገር ይዩልኝ» ይባላል። የሰው ንብረት በእጃችን ሲገባ ምን እንደምናደርግ፣ ይልቁንም ምን እንደማናደርግ ከወዲሁ ማወቅ ይገባናል። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ፈርምዌር እንማማራለን።

ሀ/ ትርጉሙ

የአንድ ሪሲቨር ክዳን ሲከፈት የምናያቸው ቺፖችና ሽቦዎች ሃርድዌር ይባላሉ። በኮምፒውተር ላይ እንደፈለግን የምንጭነውና የምናጠፋው ፕሮግራም ሶፍትዌር ነው። ፈርምዌር በሁለቱ መካከል ይገኛል። ይኸውም ዕቃው ሲበራ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎስ ምን መሥራት እንዳለበት የሚያዝ፣ በራሱ በዕቃው ቺፕ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው አሸር ኦፕለር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው።

ምሳሌ ከክፍላችን እንውሰድ። በጠመኔ በሰሌዳ ላይ የጻፍነው ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ይጠፋል፤ በደብተር የጻፍነው ግን ይቀራል። በዕቃው ውስጥም ሁለት ዓይነት ሜሞሪ አለ። አንደኛው መብራት ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ የሚረሳ «ሰሌዳ» ነው። ሁለተኛው መብራት ቢቋረጥም የማይረሳ «ደብተር» ነው። ፈርምዌር የሚቀመጠው በደብተሩ ላይ ነው።

ለ/ ደብተሩ እንዴት የሚታረም ሆነ?

ቀድሞ ይህ ደብተር አንዴ በፋብሪካ ከተጻፈ በኋላ አይታረምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢንቴል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዶቭ ፍሮማን ኢፕሮም የተባለውን ቺፕ ፈለሰፈ። ይህ ቺፕ በአናቱ ላይ ትንሽ መስኮት አለችው፤ በእርሷ በኩል አልትራቫዮሌት ጨረር ሲገባ ጽሑፉ ይፋቅና እንደገና ይጻፍበታል። (ለእኛ ለመምህራን ደስ የሚለው፣ ይኸው ሰው ብዙም ሳይቆይ ኩባንያውን ትቶ በጋና፣ በኩማሲ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር መሄዱ ነው።) በ1980ዎቹ ደግሞ ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ፍላሽ ሜሞሪን ፈለሰፈ። ፍላሽ ጨረር አይሻም፤ በኤሌክትሪክ ብቻ ብዙ ገጽ ባንዴ ይፋቃል። ዛሬ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ፈርምዌር ማደስ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱ ተቀምጦ ዕቃውን ማበላሸት የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐ/ ከስሕተታችን የተማርነው

እኛም አበላሽተናል። አንዲት እናት አንድ ጣቢያ ቢጠፋባቸው ጠሩን። እኛም ሳናጣራ «ሶፍትዌር ነው የሚፈልገው» አልንና ማደስ ጀመርን። ሥራው ከግማሽ እንዳለፈ መብራት ሄደ። ሲመለስ ሪሲቨሩ ከአንዲት ቀይ መብራት በቀር ምንም አላሳየም። አሮጌው ጽሑፍ ተፍቋል፤ አዲሱ ተጽፎ አላለቀም። እናትየዋ «ይሁን ልጆቼ፣ ለመርዳት ብላችሁ ነው» አሉን። ይህ ከቁጣ ይብሳል። በኋላ ጎረቤት ጠይቀን ስናጣራ ለካ ጣቢያው ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ ኖሯል፤ እንደገና «ሰርች» ማድረግ ብቻ ይበቃው ነበር።

መ/ መቼ ይታደስ?

ጣቢያ ሲጠፋ አስቀድመን ሰርች እናድርግ። ምስሉ ሲቆራረጥ ዲሹን ነፋስ አዙሮት፣ ወይም ኬብሉ ላልቶ እንደሆነ እንይ። እነዚህን ችግሮች ፈርምዌር አያድናቸውም። የሪሲቨር ፈርምዌር የሚታደሰው፣ ሠሪው ኩባንያ አርሜዋለሁ ያለው ጉድለት በእኛው ዕቃ ላይ ሲታይ ነው።

ራውተር ግን ለብቻው ይታያል፤ ጉድለቱ በዓይን አይታይምና። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች፣ ቢያንስ 500,000 በሚሆኑ ራውተሮችና መሰል ዕቃዎች ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ከፊሉ በሰሌዳው ላይ ብቻ ስለነበር ዕቃው ጠፍቶ ሲበራ ይጠፋ ነበር። ከፊሉ ግን ደብተሩ ውስጥ ገብቶ ስለነበር አጥፍቶ ማብራት ብቻውን አልበቃም። ለባለቤቶቹ ፈርምዌሩን እንዲያድሱና ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል እንዲለውጡ ጭምር የተመከረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የራውተርን ፈርምዌር፣ ሠሪው አዲስ ባወጣ ቁጥር፣ ሳይበላሽም ቢሆን ማደስ ተገቢ ነው።

ሠ/ ስናድስ የምንከተለው ቅደም ተከተል

1ኛ/ ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር የተለጠፈውን አንብበን የሞዴሉን ስምና የቨርዥን ቁጥሩን እንጻፍ። መልካቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሪሲቨሮች በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል፤ የአንዱ ፈርምዌር ለሌላው አይሆንም።

2ኛ/ ፋይሉን ከራሱ ከሠሪው ኩባንያ እንውሰድ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፋይል ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

3ኛ/ ከታደሰ በኋላ ሊጠፉ የሚችሉትን እንደ ይለፍ ቃልና የጣቢያ ዝርዝር ያሉትን አስቀድመን በወረቀት እንመዝግብ።

4ኛ/ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አንጀምር። ዩፒኤስ ከተገኘ ዕቃውን ከዚያ ጋር እናገናኝ።

5ኛ/ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ዘገየ ብለን ሶኬት አንንቀል፤ ፍላሽ ዲስኩንም አናውጣ።

6ኛ/ ዕቃው ከበድን ቢቆጠርም ቶሎ አንጣለው። ዕቃውን የምታስነሳዋ ትንሽ ፕሮግራም ካልተነካች ባለሙያ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ እንደገና ሊጽፍበት ይችላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቃው የሌላ ሰው ከሆነ፣ ሊበላሽ እንደሚችል ለባለቤቱ አስቀድመን እንንገር። «አይ፣ ይሄንን አላውቀውም» ማለት ለመምህር ነውር አይደለም። እኛ ያን ቀን እንዲህ ብለን ቢሆን ኖሮ እናትየዋ ያን ምሽት ዜናቸውን ባዩ ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሪሲቨር ጣቢያዎች ዝርዝር የማይጠፋው ለምንድን ነው? በሰሌዳና በደብተር ምሳሌ አስረዱ።

2. አንድ የሰፈር ሰው «ሶፍትዌር ጫኑልኝ» ቢሏችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቋቸው ሦስት ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?