የዝንጅብል መዓዛና የዝንጅብል መፋጀት

ዝንጅብል የሚገዛ ሰው ቆርጦ ይቀምስና ምላሱን ከፈጀው «ይህ ጥሩ ነው» ይላል። ይህ ፈተና ለወጥና ለሻይ የሚሆነውን ለመምረጥ ይበቃል፤ ዘይት ለሚያወጣ ፋብሪካ ለሚያቀርብ ነጋዴ ግን አይበቃም። ምላስን የሚፈጀውና አፍንጫን የሚያውደው ነገር በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸውና።

መዓዛው የሚገኘው በቀላሉ ከሚተን ዘይት ነው። በተፈጨ ዝንጅብል ውስጥ የውሃ እንፋሎት ሲያልፍ ዘይቱ አብሮ ይወጣል፤ እንፋሎቱም ሲቀዘቅዝ ዘይቱ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከአንድ ኩንታል ደረቅ ዝንጅብል አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ግራም ይገኛል። ዋነኛው ንጥረ ነገር ዚንጂበሪን ሲሆን፥ አንዱ ሞለኪውል 15 የካርቦንና 24 የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። የሎሚ ሽታ ያለው ሲትራልና ካምፊንም አብረውት ይገኛሉ። የሚፋጀው ጂንጀሮል ግን በእንፋሎት ስለማይተን በአተላው ውስጥ ይቀራል። ሁለቱን በአንድነት የሚሻ ገዢ የሚጠይቀው በአልኮል ወይም በአሴቶን ተነክሮ የሚወጣውን ኦሊዮሬዚን ነው። ደብዳቤ ሲመጣ እነዚህን ስሞች አለማምታታት የእኛ የጸሐፊዎች ድርሻ ነው።

አሁን ነጋዴን የሚያሳስተው ነገር ይህ ነው፤ ጂንጀሮል ሲደርቅና ሲሞቅ ከውስጡ ውሃ አጥቶ ሾጋኦል ወደሚባል፥ ይልቁን ወደሚፋጅ ነገር ይለወጣል። ዘይቱ በአንጻሩ በየቀኑ ይተናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተከማቸ ዝንጅብል ምላስን እያቃጠለ ዘይቱ ግን የጐደለ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ብዙው ዘይት ከልጣጩ ሥር ስለሚገኝ በጥልቀት የላጠ ሰው ሀብቱን ከልጣጩ ጋር ይጥላል።

ስለ ተሐዋስያን የሚነገረውም መለየት ይገባዋል። የዘይቱ ንጥረ ነገሮች ከስብ ጋር የሚዋሐዱ ስለሆኑ የባክቴሪያን ሽፋን እያላሉ ውስጡ ያለው እንዲፈስ ያደርጋሉ። መግል የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ በቀላሉ ይጠቃል፤ የአንጀቱ ኢሽሪሽያ ኮላይ ግን ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላለው ይበልጥ ይቋቋማል። ይህ ሁሉ በላብራቶሪ ሳህን የታየ ነው፤ በሰው አካል ውስጥ በሽታ ለመፈወሱ ማስረጃ አይሆንም። በጠርሙስ ላይ «በሽታን ያድናል» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ የማያውቀውን ይሸጣል። ያልተበረዘው ዘይት ቆዳን ሊያስቈጣም ይችላል።

ተክሉ ራሱ እንኳ ከባክቴሪያ አልዳነም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ራልስቶኒያ የተባለው ባክቴሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብሉን ማሳ አጠውልጎ አጠፋ። ይህ ባክቴሪያ ውሃ በሚያስተላልፉት የተክሉ ቧንቧዎች ውስጥ ተራብቶ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ዘይቱ ግን በየራሱ ሕዋስ ተዘግቶ የተቀመጠ ነው። ደዌው በአፈርና ለዘር በሚሸጠው ሥር ስለሚተላለፍ፥ ለምግብ የተገዛ ዝንጅብል ለዘር ተብሎ ወደ ሌላ ወረዳ ባይጫን ይሻላል።