የዑምራ ተጓዥ ስንቅ

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደነገሩን፣ የየመን ሰዎች በአላህ መመካታችን ይበቃናል እያሉ ስንቅ ሳይዙ ለሐጅ ይወጡ ነበር። መካ ሲደርሱ ግን ሰው ይለምናሉ። ስንቅ እንዲያዝ የሚያዝዘው፣ ከስንቅም ሁሉ በላጩ ተቅዋ መሆኑን የሚያስተምረው የሱረቱል በቀራህ አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ተወኩል ዝግጅትን አይተካም ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ከአዲስ አበባ ለዑምራ የሚነሳ ሰው ስንቁ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ማወቅም ስንቅ ነው።

አንደኛ፦ ክትባት። የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ሲሆን፣ ሳዑዲ ከመግባት ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። የቢጫ ወባ የምስክር ወረቀትም ከኢትዮጵያ ከሚሄዱ ይጠየቃል።

ሁለተኛ፦ ቀንና ሰዓት። የሁለቱ አገሮች ሰዓት እኩል ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያያል። በቲኬት ላይ 14:00 የሚለው ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ቀኑ የሚለወጠውም እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ በ10ኛው ቀን 01:30 ይነሳል የተባለ አውሮፕላን ተሳፋሪውን የሚጠብቀው በ9ኛው ቀን ማታ ነው። ይህን ባለማስተዋል በረራ ሊያመልጥ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ኢሕራም። አውሮፕላኑ ጅዳ ሳይደርስ በአየር ላይ ሚቃትን ያልፋል። የኢሕራም ልብስ ሻንጣ ውስጥ ከተጫነ ያን ጊዜ አይገኝም፤ ከቤት ወይም ከአየር ማረፊያ ለብሶ መነሳት ይሻላል። መጀመሪያ መዲና የሚገባ ሰው ግን ሚቃቱ ዙል ሑለይፋ ነው።

አራተኛ፦ ሻንጣ። ጫት እዚህ በገበያ ይሸጣል፤ በሳዑዲ ሕግ ግን አደንዛዥ ዕፅ ነው። አደንዛዥ ዕፅ ማስገባት እስከ ሞት ያስቀጣል። «ለእገሌ አድርሱልኝ» የተባለ የታሸገ ዕቃም ሳይፈትሹ አይቀበሉ። አማና መሸከም መልካም ነው፤ የማያውቁትን መሸከም ግን አማና አይደለም። ተጠያቂው ዕቃው የተገኘበት ሰው ነውና።

አምስተኛውና ከባዱ፦ ፈቃድ። በዑምራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ገብተው ሐጅን ጠብቀው የሚያደርጉ ወገኖች አሉ። «ወደ አላህ ቤት ስሄድ ማን ይከለክለኛል?» ይላሉ። በ1445 ዓመተ ሒጅራ (2016 ዓ.ም) ሐጅ በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አለፈ። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። ከእነዚህ ከመቶ 83ቱ ፈቃድ ያልነበራቸው ነበሩ። ያለ ማረፊያና ያለ ጥላ በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው ሄደዋል። ፈቃድ ያለው ሰው የሚያድርበት ድንኳንና የሚሳፈርበት አውቶቡስ ይዘጋጅለታል፤ ፈቃድ የሌለው በተቆጣጣሪ እንዳይታይ ይሸሻል።

የሳዑዲ የታላላቅ ዑለማ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ያለ ፈቃድ ሐጅ ማድረግ እንደማይፈቀድና ወንጀል እንዳለበት ገልጿል። ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በቻለ ሰው ላይ ብቻ ነው። ያልቻለን ሰው አላህ አላስገደደውም። ታዲያ ራሱን ለምን ለአደጋ ይጥላል?

እናቶቻችንንና አባቶቻችንን የምንልክ ልጆች ይህን ልብ እንበል። ቲኬት ከመግዛታችን በፊት ቪዛው የምን ቪዛ እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚያቆይ አንብበን እናስረዳቸው። እነርሱ ደላላን የሚያምኑት እኛ ስላላነበብንላቸው ነው።

አላህ ጉዞአችንን የተቃና፣ ሥራችንንም ተቀባይነት ያለው ያድርግልን። አሚን።