ስለ ተራራ ብስክሌትና ስለ መንኰራኵሩ መጠን
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መቅድም

መንኰራኵር የሚለው ቃል አንኰርኰረ ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር የተዛመደ ነው፤ ትርጓሜውም የሚንከባለል፣ የሚሽከረከር ማለት ነው። የነቢዩን የሕዝቅኤልን መጽሐፍ የተማረ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። ዛሬ ግን የምንመረምረው የመጽሐፉን ምሥጢር ሳይሆን የእጅ ሥራን ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ብስክሌት ሠሪ ሰው ሁሉ የለመደውን የመንኰራኵር መጠን ትቶ ከዚያ የሚበልጠውን ለመሥራት እንዴት እንደ ቈረጠ ነው።

ነገሩ የተፈጸመው በሩቅ አገር ነው፤ ቢሆንም ለእኛ ይጠቅመናል። ደብር በግእዝ ተራራ ማለት ስለ ሆነ፣ ደብረ ወርቅ የሚለው ስም ራሱ የቦታውን ጠባይ ይናገራል። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚደርስ ዋና መንገድ አለ። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የሚሄድ መምህር የሚያገኘው ዳገትና ቍልቍለት፣ በበጋ ኰረት፣ በክረምትም የዋልካ ጭቃ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ስለ ሆነች ሕዝቧ በብስክሌት መሄዱ የታወቀ ነው፤ በዚያ የተመቸ ብስክሌት ግን በጮቄ ተራራ ግርጌ ለሚኖር ሰው ላይመች ይችላል። ስለዚህ ከደመወዙ እያጠራቀመ ብስክሌት ለመግዛት የሚያስብ መምህር፣ ወይም ለልጁ የሚገዛ አባት፣ ቀለሙን ከማየቱ በፊት መንኰራኵሩን መመርመር ይገባዋል። አለዚያ የብዙ ወራት ገንዘቡ በቤት ጥግ ቆሞ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ክፍል 1፤ ልማዱ ከየት እንደ መጣ

የተራራ ብስክሌት ከታወቀባቸው ስፍራዎች ቀዳሚው በአሜሪካ፣ በካሊፎርንያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተ ሰሜን ያለው የማሪን አውራጃ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በዚያ የነበሩ ጐልማሶች ታማልፓይስ ከሚባለው ተራራ በጥርጊያ መንገድ በብስክሌት መውረድ ጀመሩ። ቀጭን ጎማ ያለው ብስክሌት ይህን አልቻለም። ስለዚህ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት የተሠራውን ወፍራም ጎማ ያለው አሮጌ ብስክሌት ከየስፍራው እየፈለጉ ገዙ። ይህን ወፍራም ጎማ በ1933 ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው ሽዊን የሚባለው ፋብሪካ ነበር፤ ሲያወጣውም ያሰበው ተራራ ለሚወርዱ ጐልማሶች አልነበረም።

በ1976 እነዚሁ ጐልማሶች የቍልቍለት ውድድር አደረጉ፤ ስሙንም ሪፓክ አሉት። ትርጓሜው እንደ ገና መሙላት ማለት ነው። ከቍልቍለቱ ብርታት የተነሣ በኋላው መንኰራኵር እንብርት ውስጥ ያለው ፍሬን እየጋለ ቅባቱን ያቃጥለው ስለ ነበር፣ ከወረዱ በኋላ አዲስ ቅባት መሙላት ግድ ሆነባቸው። ከዚህ በኋላ በ1977 ጆ ብሪዝ የሚባል ሰው ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ አዲስ ብስክሌት ሠራ። በ1979ም ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች፣ ቶም ሪቺ የሚባለው ብረት ሠሪ የሚበይደውን አካል እየገጣጠሙ የሚሸጡበት ንግድ ከፈቱ። የተራራ ብስክሌት ንግድም ከዚያ ወዲህ ወደ ዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

አሁን ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። የእነዚህ ብስክሌቶች መንኰራኵር 26 ኢንች ነበር። ይህን መጠን ለተራራ የሚሻለው ይህ ነው ብሎ ለክቶና ፈትኖ የመረጠ ሰው ግን አልነበረም። ወፍራም ጎማ በዚያ ቍጥር ይገኝ ስለ ነበር ያንኑ ያዙት። ከዚያም ጎማ ሠሪው ለብስክሌት ሠሪው ብሎ፣ ብስክሌት ሠሪውም ለጎማ ሠሪው ብሎ ሁሉም በዚያው መጠን ጸና። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአጋጣሚ የመጣው ነገር እንደ ሕግ ተቈጠረ።

ክፍል 2፤ የመጠኑ ሒሳብ

መንኰራኵር የሚለካው በሁለት ስፍራ ነው። አንደኛው ቸርኬው፣ ማለት ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት ነው። ሁለተኛው ጎማው ከተነፋ በኋላ ከምድር እስከ ላይ ያለው ሙሉ ቁመት ነው። በገበያ 26 ወይም 29 እየተባለ የሚጠራው ሙሉ ቁመቱ በግምት ነው።

26 የሚባለው የተራራ ብስክሌት ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት 559 ሚሊሜትር ነው። የጎማው ውፍረት 54 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ስንደምረው ሙሉ ቁመቱ 667 ሚሊሜትር ይሆናል። 29 የሚባለው ግን የቸርኬው ስፋት 622 ሚሊሜትር ስለ ሆነ በዚያው ጎማ 730 ሚሊሜትር ይደርሳል። ክቡን ለማግኘት እያንዳንዱን በ3.14 እናባዛው። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 209 ሳንቲሜትር፣ ሁለተኛው ወደ 229 ሳንቲሜትር ይሄዳል። አንድ ኪሎሜትር ለመሄድ ትንሹ ወደ 478 ጊዜ፣ ትልቁ ወደ 436 ጊዜ ይዞራል።

ዋናው ጥቅም ግን ድንጋይ ሲያጋጥም ነው። በመንገድ ላይ ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ድንጋይ አለ እንበል። መንኰራኵሩ የድንጋዩን ጫፍ በነካ ጊዜ፣ ከድንጋዩ እስከ መንኰራኵሩ የምድር መርገጫ ድረስ ያለው ርቀት በትንሹ 23.8 ሳንቲሜትር፣ በትልቁ 25.1 ሳንቲሜትር ነው። ሁለቱም የሚወጡት ያንኑ 10 ሳንቲሜትር ነው፤ ትልቁ ግን ረዘም ባለ መንገድ ስለሚወጣው መውጫው ይለዝብለታል። በቀጥታ ከሚወጣ አቀበት ይልቅ ጠመዝማዛው መንገድ ለበቅሎ እንደሚቀላት ማለት ነው። ልዩነቱ በአንድ ድንጋይ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ኰረት በሞላበት መንገድ በየክንዱ ይደጋገማል።

ክፍል 3፤ ሠሪው እንዴት እንደ ቈረጠ

ይህን ሒሳብ ያወቀው ፊሸር ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ጄፍ አፕስ የሚባል ሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በፊንላንድ ለበረዶ መንገድ የተሠራ ትልቅና ጥርሳም ጎማ አግኝቶ በብስክሌቱ ላይ አደረገው፤ ከጎማውም ወደ ካሊፎርንያ ለፊሸርና ለኬሊ ላከላቸው። ጎማው መልካም ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን እንደ ልብ የሚመጣ አልሆነም። ጎማ የማይገኝለትን ብስክሌት መሸጥ ደግሞ ገዢውን ማታለል ነው። ስለዚህ አሳቡ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ቈየ።

የሚያስደንቀው ቸርኬው አዲስ አለመሆኑ ነው። 622 ሚሊሜትር የሆነው ቸርኬ በዋና መንገድ የሚወዳደሩት ብስክሌቶች የሚጠቀሙበት የታወቀ መጠን ነው፤ በ2016 በፈረንሣይ ዙር ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የመሳሰሉት ሁሉ የሚጋልቡት በዚህ መጠን ነው። ቸርኬው በየሱቁ ሞልቶ ሳለ ለተራራ የሚሆን ወፍራም ጎማ ግን አልነበረውም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው ሆነ።

በ1999 ዊልደርነስ ትሬይል ባይክስ የሚባለው የካሊፎርንያ ማኅበር ለዚህ ቸርኬ የሚሆን ወፍራም የተራራ ጎማ ሠርቶ አወጣ። በኰሎራዶ የሚኖረው ዌስ ዊልያምስ የሚባል ብስክሌት ሠሪም ትልቁ መንኰራኵር እንደሚሻል እየተናገረ ፊሸርን ይጐተጕተው ነበር። እንግዲህ ለፊሸር የመቍረጥ ጊዜ ደረሰ።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። በስሙ የሚጠራው ንግድ ከ1993 ጀምሮ ትሬክ በሚባለው ትልቅ ፋብሪካ ሥር ነበረ። የተራራ ብስክሌት ነጋዴ ሁሉ መጋዘኑን የሞላው በ26 ቍጥር ጎማ ነው። የብስክሌቱ አካል፣ የፊቱን መንኰራኵር የሚይዘው መንታ ብረት፣ ቸርኬውና ሽቦው ሁሉ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። ሌሎች ፋብሪካዎች ባይከተሉት ኖሮ፣ የገዛው ሰው ጎማው በተቀደደ ጊዜ መለወጫ አጥቶ ይቀር ነበር። ፊሸር ይህን ሁሉ እያወቀ በ2001 ባለ 29 ቍጥሩን ብስክሌት ለገበያ አወጣ። በመጀመሪያ ብዙ ሰው ተጠራጠረው፤ አንዳንዱም ሳቀበት። መሪውም ለመዞር ይዘገያል የሚል ነቀፋ መጣ። ሠሪዎቹ ግን ነቀፋውን ሰምተው የመንታውን ብረት አሠራር ለወጡ፤ የመንኰራኵሩንም እንብርት ጥቂት ወደ ፊት አራቁት፤ በዚህም መሪው ተቃና።

ክፍል 4፤ ትርፉና ጕዳቱ

የመጻሕፍት መምህራን ቃሉን አንድም እያሉ በየመልኩ እንደሚተረጕሙት፣ የትልቁን መንኰራኵር ጠባይም እንዲሁ በየመልኩ መመርመር ይገባል።

ትልቅ መንኰራኵር ለሻካራ መንገድ ይሻላል። ስለ ምን ቢሉ፣ ድንጋዩን በለዘበ መውጫ ይሻገረዋልና ነው። አንድም፣ ከትንሽ ጕድጓድ ሳይሰጥም ከዳር ወደ ዳር ያልፋልና ነው። አንድም፣ ምድርን የሚነካበት ስፍራ ረዘም ስለሚል በልል አፈር ላይ አይንሸራተትምና ነው።

ነገር ግን ትልቅ መንኰራኵር ጕዳት አለው። ስለ ምን ቢሉ፣ ቸርኬውም ጎማውም ሽቦውም ስለሚበዛ ይከብዳል፤ ከቆመበት ሲነሣም ይዘገያል። አንድም፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው መንገድ በመቶ 9 ያህል ስለሚረዝም፣ በዳገት እግርን ያደክማል፤ ስለዚህ በፔዳሉ ዘንድ ያለው የጥርስ ክብ ያነሰ ሊሆን ይገባል። አንድም፣ ቁመቱ ለአጭር ሰውና ለልጅ አይመችም።

ከዚህ የተነሣ ሠሪዎች በመካከል ያለ መጠን አወጡ፤ ቸርኬው 584 ሚሊሜትር ሲሆን 27.5 ይባላል። በ2012 በለንደን የኦሎምፒክ ውድድር የቼክ አገር ሰው ያሮስላቭ ኩልሃቪ በ29 ቍጥር፣ የስዊስ አገር ሰው ኒኖ ሹርተር በ27.5 ቍጥር ተወዳደሩ። ኩልሃቪ በመጨረሻው ላይ በአንድ ሰኮንድ ቀድሞ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ትልቁ መንኰራኵር መሳቂያ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ፤ በአንድ ሰኮንድ መቀዳደማቸው ግን ድሉ የመንኰራኵሩ ብቻ እንዳልሆነና የሰውየው ጕልበትም ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ክፍል 5፤ ለእኛ የሚጠቅመው ምንድር ነው

መጀመሪያው ምክር፣ በጎማው ጎን የተጻፈውን ማንበብ ነው። በብዙ ጎማዎች ላይ በሰረዝ የተለዩ ሁለት ቍጥሮች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 54-622። ፊተኛው የጎማው ውፍረት፣ ኋለኛው የቸርኬው ስፋት ነው፤ ሁለቱም በሚሊሜትር ነው። ጎማ ሲገዙ የማያስተው ኋለኛው ቍጥር ነው። በአፍሪካና በእስያ ብዙ አገሮች የታወቀው ጥቁሩ ረጅም ብስክሌት ባለ 28 ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ የቸርኬው ስፋት 635 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ በስሙ ከ29 ያንሳል፣ በቸርኬው ግን ይበልጣል። ስሙን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ጎማው አልገባ ይለዋል፤ ገንዘቡም በከንቱ ይጠፋል።

ሁለተኛው ምክር፣ ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ነው። የምሄድበት መንገድ ሜዳ ነው ወይስ ኰረት? ቁመቴ ከብስክሌቱ ጋር ይስማማል ወይ? መለወጫው ጎማ በቅርብ ገበያ ይገኛል ወይ? ከሦስቱ ዋናው ሦስተኛው ነው። እጅግ መልካም የሆነ መንኰራኵር መለወጫ ከሌለው፣ በየገበያው ከሚገኘው 26 ቍጥር ያንሳል። ፊሸርም የአፕስን ጎማ ወድዶ ሳለ ለብዙ ዓመታት የጠበቀው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክር ለሽማግሌዎችና ለመምህራን ነው። ከአባቶቻችን የተቀበልነው ብዙው ነገር ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ሲሞት ግን ነገሩ ብቻ ይቀራል። አንዳንዱም እንደ 26 ቍጥር በአጋጣሚ መጥቶ ከመክረሙ የተነሣ ሥርዓት ይመስላል። ስለዚህ ልጅ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ ዝም በል አንበለው። ምክንያቱን ብናውቅ እንንገረው፤ ባናውቅ አብረን እንለካ። ሳይመረምሩ መያዝም ሳይመረምሩ መጣልም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው። ፊሸር የቀድሞውን አልናቀም፤ በ26 ቍጥር ብዙ ዓመት ሠርቶ ጠባዩን ካወቀ በኋላ ነው አዲሱን የሞከረው።

ልምምድ

መምህሩ ከቀርከሃ ወይም ከሽቦ ሁለት ክብ ያሠራ፤ የአንዱ ስፋት 67 ሳንቲሜትር፣ የሌላው 73 ሳንቲሜትር ይሁን። ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ድንጋይ በደልዳላ ምድር ላይ ያስቀምጥ። ልጆቹ እያንዳንዱን ክብ አቁመው ድንጋዩን እስኪነካ ድረስ ያስጠጉት፤ ከድንጋዩ እስከ ክቡ መርገጫ ያለውንም ርቀት በክር ለክተው ይጻፉ። ከዚያም በክፍል 2 ከተነገረው ጋር ያስተያዩት።

ጥያቄ

1. የ26 ኢንች መንኰራኵር ለተራራ ብስክሌት የተያዘው በምን ምክንያት ነው?
2. የቸርኬው ስፋት 584 ሚሊሜትር፣ የጎማው ውፍረት 54 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የመንኰራኵሩ ሙሉ ቁመት ስንት ይሆናል? አንድ ኪሎሜትር ለመሄድስ ስንት ጊዜ ይዞራል?
3. ፊሸር ትልቁን መንኰራኵር ከማውጣቱ በፊት ብዙ ዓመት የጠበቀው ምን አጥቶ ነው?
4. ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤትህ ላለው መንገድ ከሦስቱ መጠኖች የትኛውን ትመርጣለህ? ምክንያቱን ተናገር።
5. በቤትህ ወይም በመንደርህ ከሚሠራበት ልማድ አንዱን ጥቀስ፤ ምክንያቱንም ከሽማግሌ ጠይቀህ ጻፍ።