ስለ መልካም የሥራ አለቃ

ብዙ ሰው በአንድነት የሚሠራው ሥራ ሁሉ አለቃ ያስፈልገዋል። ነገር ግን አለቅነት በጥላ ሥር ተቀምጦ ማዘዝ ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። በፍርሃት የሚሠራ ሠራተኛ አለቃው ዘወር ባለ ጊዜ ሥራውን ይተዋል፤ አለቃውን ወዶ የሚሠራ ግን ማንም ባያየው ይሠራል። ይህም ነገር እውነት እንደ ሆነ ከነህምያ ታሪክ ይታወቃል።

ነህምያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት ገደማ በሱሳ ከተማ የተቀመጠ አይሁዳዊ ነበረ። ሥራውም ለፋርስ ንጉሥ ለአርጤክስስ ጠጅ ማሳለፍ ነበረ። አንድ ቀን ወንድሙ አናኒ ከይሁዳ አገር መጥቶ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ፥ በሮችዋም በእሳት እንደ ተቃጠሉ ነገረው። ነህምያም ይህን ሰምቶ አለቀሰ፤ ጾመ፥ ጸለየም። ከዚህ በኋላ ንጉሡን ለምኖ ፈቃድና ደብዳቤ ተቀበለና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ።

በደረሰም ጊዜ ወዲያው ትእዛዝ አልሰጠም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያም ጥቂት ሰዎች አስከትሎ በሌሊት ወጣና የፈረሰውን ቅጥር እየዞረ ተመለከተ። በአንድ ስፍራም የተቀመጠባት እንስሳ ማለፊያ አጣች። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በዐይኑ ካየ በኋላ ግን ሰዎቹን ቅጥሩን አብረን እንሥራ አላቸው። እናንተ ሥሩ አላላቸውም።

ሥራውም ለየወገኑ ተከፈለ። ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ቅጥር ሠሩ፤ ሰው የገዛ ቤቱን የሚጠብቅለትን ቅጥር በስንፍና አይሠራውምና። ካህናት ሠሩ፤ ወርቅ አንጥረኞችና ሽቶ ቀማሚዎችም ሠሩ። ሰሎም የሚባል ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። የቴቁሔ ታላላቅ ሰዎች ሥራውን ቢንቁም ሕዝባቸው ድርሻውን ጨርሶ ሌላ ክፍል ጨመረ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደ ተባለ፥ ከባዱ ሥራ ለብዙ ሰው ሲከፈል ቀለለ። ጠላቶቻቸው ሰንባላጥና ጦብያም አስቀድመው ዘበቱባቸው፥ ኋላም ሊወጉአቸው ዛቱ። ስለዚህም እኵሌቶቹ ሲሠሩ እኵሌቶቹ ጦር ይዘው ይጠብቁ ነበር።

ነገር ግን ከጠላት ዛቻ የሚከፋ ነገር ከውስጥ ተነሣ። ድሆች ከሚስቶቻቸው ጋር ሆነው በባለጠጎች ወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ። በራብ ጊዜ እህል ለመግዛት፥ ለንጉሥም ግብር ለመክፈል እርሻቸውንና ቤታቸውን መያዣ ሰጥተው ነበር፤ ልጆቻቸውንም ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰው ነበር። ልጁ በአበዳሪው ቤት ባሪያ የሆነበት ሰው፥ አበዳሪው የሚኖርበትን ከተማ ቅጥር በምን ልብ ይሠራል?

ሌላ አለቃ ቢሆን፥ አሁን ሥራ አለብን፥ ነገራችሁ ኋላ ይታያል ባላቸው ነበር። ነህምያ ግን ጩኸታቸውን ሰማ። እጅግም ተቈጣ፤ ቢሆንም ቍጣው አላስቸኰለውም፥ አስቀድሞ በልቡ አሰበበት እንጂ። ከዚያም ባለጠጎቹን በጉባኤ ፊት ገሠጻቸው። እርሱና የእርሱ ሰዎችም ገንዘብና እህል አበድረው ነበሩና፥ ራሱን ሳይለይ ሁላችን ይህን ወለድ እንተው አላቸው። እነርሱም እሺ ብለው እርሻውንና ቤቱን ለድሆች ሊመልሱ በካህናት ፊት ማሉ። አለቃው ከራሱ ባይጀምር ኖሮ ቃሉን ማን በሰማው ነበር?

ደግሞም ነህምያ በይሁዳ አገር ገዥ ሆኖ 12 ዓመት ሲቀመጥ ለገዥ የሚሰጠውን ቀለብ ከሕዝቡ አልተቀበለም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዦች ከእንጀራና ከወይን ጠጅ በቀር 40 ሰቅል ብር ይቀበሉ ነበር፤ ሎሌዎቻቸውም ሕዝቡን ያስጨንቁት ነበር። የነህምያ ሎሌዎች ግን ከሕዝቡ ጋር በቅጥሩ ሥራ ላይ ይውሉ ነበር። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ።

እንግዲህ አለቃ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ሥራውን በዐይኑ ይይ፤ ለሠራተኛውም እንደ አቅሙ ይስጠው። የተበደለ ሰው ሲጮኽ ሥራ ፈታብኝ አይበል፤ ያልተሰማ በደል ሥራውን ከሥሩ ያፈርሰዋልና። ሠራተኛም ቅር ባለው ጊዜ ነገሩን ለአለቃው በግልጥ ይንገረው እንጂ በስውር አያንሾካሹክ። በትምህርት ቤትም የክፍል አለቃ የሆነ ልጅ፥ ጓደኞቹ ቤት ሲጠርጉ እርሱ ቆሞ አይቍጠራቸው፤ መጥረጊያውን አስቀድሞ ያንሣ። ያን ጊዜ የሚያዝዘው ቃል ጥቂት ይሆናል፥ የሚከተሉት ግን ብዙዎች ናቸው።

ጥያቄ።
1. ነህምያ ሰዎቹን ከማዘዙ በፊት በሌሊት ምን አደረገ?
2. ድሆች የጮኹት ስለ ምንድር ነው?
3. ነህምያ ወለዱን እንተው ባለ ጊዜ ራሱን ያልለየው ለምንድር ነው?