የግድግዳው ርጥበት ከየት መጣ?

በክረምት ወራት ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ገብቶ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩትን ክፍሎች የተመለከተ ሰው የሚያየው ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ የግድግዳው ግርጌ ረጥቦ ምርጊቱ ረግፏል፤ ማዕዘኑ ሻጋታ ይዟል፤ ግድግዳውን ተጠግቶ የተቀመጠው የመጻሕፍት ሣጥን ይሸታል። ምን ሆኖ ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «ጣሪያው ያፈሳል» ነው። ይህ መልስ አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳይመረመር የሚሰጥ ነው። እኛም ነገ ተመድበን የምንሄደው ወደ እነዚሁ ትምህርት ቤቶች ስለሆነ፣ ነገሩን ከሳይንስ ትምህርታችን ጋር አያይዘን ብናጠናው ይጠቅመናል።

ውሃ ወደዚህ ዓይነት ቤት ከላይ በጣሪያው፣ ከጎን በዝናብ ፍንጣቂ፣ ከታች ደግሞ ከመሬት ሊገባ ይችላል። አራተኛው ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ ከራሳችን ትንፋሽና ከምድጃችን የሚወጣ እንፋሎት ነው። ችግሩ ዕድፉ የታየበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸው ላይ ነው። በአንድ የላላ ሚስማር ቀዳዳ የገባ ጠብታ ወራጁን ተከትሎ ሁለት ሦስት ሜትር ሄዶ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ «የት ረጠበ?» ከማለት በፊት «መቼ ረጠበ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ዝናቡ ሲጥል ጀምሮ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የሚያቆም ከሆነ፣ እውነትም ጣሪያውን እንጠርጥር። ዝናብ ሳይኖር ጧት ጧት ቆርቆሮው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ሚስማር መምታት ዋጋ የለውም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ቶሎ ይለቅና ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በቤቱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ሲነካው፣ በድስት ክዳን ላይ እንደምናየው ሁሉ፣ ወደ ጠብታነት ይለወጣል። ይህ ሰው በሚያድርበትና ምግብ በሚበሰልበት ቤት ይብሳል። መድኃኒቱ አየር ማስገባት ነው።

ዝናቡ ካቆመ ከቀናት በኋላም ግርጌው የማይደርቅ፣ የርጠቱም መስመር እኩል ሆኖ የሚሄድና ከላዩ ነጭ የጨው ዱቄት የሚታይበት ከሆነ ውሃው ከመሬት እየወጣ ነው። ይህን ለተማሪ ማሳየት ቀላል ነው። አንድ ጠመኔ ቀለም በተበጠበጠበት ጥቂት ውሃ ውስጥ አቁሙ፤ ቀለሙ ማንም ሳይገፋው ሽቅብ ሲወጣ ያያሉ። የጭቃ ግድግዳም እንደ ጠመኔው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ቀዳዳው በጠበበ መጠን ውሃው ከፍ ብሎ ይወጣል።

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የወላጆች መዋጮ ተሰብስቦ የአንድ ክፍል ቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። በሚቀጥለው ክረምት ያው ግድግዳ ረጠበ። በመጨረሻ ነገሩን ያገኙት ዘበኛው ነበሩ። «ልጆች፣ ውሃው እኮ በላይ አይደለም የሚመጣው» ብለው ከበስተኋላ ወሰዱን። ሜዳው ሲደለደል የተረፈው አፈር ግድግዳውን ተደግፎ ተከምሮ፣ የውጩ መሬት ከክፍሉ ወለል ከፍ ብሎ ነበር። አፈሩ ተነሣ፤ ቦይ ተቆፈረ፤ ግድግዳው በበጋው ደረቀ። ለዚህ የወጣው ወጪ የሁለት ቀን ጉልበት ብቻ ነው። የቆርቆሮው ገንዘብ ግን መጽሐፍ ሊገዛ ይችል ነበር።

ጣሪያው ባያፈስም ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ መናቅ አይገባም። እስቲ እናስላ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 8 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ ጣሪያ 56 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,680 ሊትር ይሆናል። ጣሪያው ሁለት ክንፍ ካለው በእያንዳንዱ ወገን 840 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል ከ4 በላይ፣ ከግድግዳው ሥር ይፈሳል። አሸንዳ ከሌለ መሬት እየመታ ግርጌውን ይረጨዋል። (ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ሒሳብ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።)

ብዙ ሰው የረጠበውን ግርጌ በሲሚንቶ ይለስናል። እኔ በበኩሌ ይህን አልደግፍም። ሲሚንቶው ጭቃው እንዳይተነፍስ ያደርገዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ከልስኑ ጀርባ ይከማቻል፣ ከዚያም በላይ ይወጣል። ከውጭ ሲታይ ያማረ ነው፤ ውስጡ ግን ቋሚው እንጨት እየበሰበሰ ምስጥ ይገባበታል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ሥር ልጆች እንደሚቀመጡ ማሰብ ነው። ምንጩ ከተዘጋ በኋላ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላዩም ኖራ ይበቃዋል።

ርጥበቱ ከክፍሉ አየር ይሁን ከግድግዳው ለመለየት ካስቸገረ፣ ቁራጭ መስተዋት ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዙሪያውን በሻማ ሰም መድፈንና ከ1 እስከ 2 ቀን መተው ነው። ወደ ክፍሉ ያለው ፊት ካላበው ከአየሩ ነው፤ ወደ ግድግዳው ያለው ፊት ካላበው ከግድግዳው ነው።

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ተማሪዎቹ የርጠቱን ጫፍ በከሰል አስምረው ቀኑን ይጻፉበት። በደብተር ደግሞ ዝናብ ዘንቧል ወይስ አልዘነበም፣ ጠብታው በስንት ሰዓት ታየ፣ መስመሩ በስንት ሳንቲ ሜትር ወጣ ወይም ወረደ የሚለውን ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። ኮሚቴው ስለ መዋጮ ከመነጋገሩ በፊት ያንን ደብተር ይየው።