የሳይንስ ትምህርት፦ የሞቱት ወፎች ምን ተናገሩ?

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መካነ አራዊት ማለት የዱር እንስሳት በአጥር ውስጥ ተጠብቀው የሚኖሩበት ስፍራ ነው። አጥሩ አዳኝ አውሬን ያግዳል፤ በሽታን ግን አያግድም። በሽታ በምግብ፣ በውሃ፣ በትንፋሽና በትንኝ ይገባል። ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ዝሆን፣ ከዝሆንም ወደ ሰው ይተላለፋል። በ2004 በታይላንድ ከ100 በላይ የእስያ ነብሮች በወፍ ጉንፋን የተበከለ ጥሬ የዶሮ ሥጋ ከበሉ በኋላ በበሽታው ሞተዋል ወይም እንዲገደሉ ተደርጓል።

የበሽታው ምክንያት የሚታወቀው እንዴት ነው? አንድ ታሪክ እንመልከት።

በኦገስት 1999 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ከተማ፣ አንዳንድ አረጋውያን በትኩሳትና በአንጎል ሕመም ሆስፒታል ገቡ። በሽታው በመጀመሪያ «ሴይንት ሉዊስ» የሚባለው የአንጎል በሽታ ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን በከተማይቱ ብዙ ቁራዎች ይሞቱ ነበር። ብሮንክስ በተባለው መካነ አራዊትም ፍላሚንጎዎችና ሌሎች ወፎች ሞቱ።

የመካነ አራዊቱ ሐኪም ዶክተር ትሬሲ ማክናማራ በድኖቹን ሲመረምሩ አንጎላቸውና ልባቸው ተጎድቶ አገኙ። ከዚያም ነገሩን አመዛዘኑ። ሴይንት ሉዊስ አብዛኛውን ጊዜ ወፎችን አይገድልም። ወፎችን የሚገድል ሌላ የታወቀ የአንጎል በሽታ አለ፤ እርሱ ቢሆን ግን ኢሙ የተባሉት ትልልቅ ወፎች ባለቁ ነበር። ኢሙዎቹ ደህና ናቸው። እንግዲህ ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ሰውንም ወፍንም የሚገድለው አንድ በሽታ ሊሆን ይችላል!

ናሙናው ወደ ላቦራቶሪዎች ተላከ። በሴፕቴምበር መጨረሻ እውነቱ ታወቀ፤ በሽታው የዌስት ናይል ቫይረስ ነበር። ይህ ቫይረስ መጀመሪያ የተገኘው በ1937 በኡጋንዳ፣ በዌስት ናይል አውራጃ ነው። በአሜሪካ ግን ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። በዚያ ዓመት በኒውዮርክና በአካባቢዋ 62 ሰዎች ታመው 7ቱ ሞተዋል።

መተላለፊያው ቢምቢ ናት። የታመመ ወፍ ነክሳ ቆይታ ሰውን ስትነክስ ቫይረሱን ታስተላልፋለች። የምትራባውም ባቆረ ውሃ ውስጥ ነው።

ልጆች፣ ከዚህ ምን እንማራለን?

1. በቦኖው ዙሪያ፣ በጣሳና በአሮጌ ጎማ ውስጥ ያቆረውን ውሃ አፍስሱ።
2. ሞቶ የተገኘ ወፍ ወይም እንስሳ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ሥጋውንም አትብሉ።
3. ብዙ ዶሮዎች ወይም ወፎች በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ካያችሁ ለመምህር ወይም ለጤና ሠራተኛ ፈጥናችሁ ተናገሩ።

ወላጆችም ልጅ «የሞቱ ወፎች አየሁ» ሲላችሁ «የልጅ ወሬ» ብላችሁ አትለፉት። በኒውዮርክ የሰዎቹን በሽታ ማንነት ለማወቅ የረዱት የሞቱ ወፎች ናቸው።

የቃላት ፍቺ
በድን፦ የሞተ አካል።
ናሙና፦ ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ክፍል።

ጥያቄዎች
1. የኢሙዎቹ ጤና ለሐኪሟ ምን አስረዳ?
2. ቫይረሱ ከወፍ ወደ ሰው የሚሄደው እንዴት ነው?
3. በሰፈራችሁ ውሃ የሚያቁርባቸውን ሦስት ቦታዎች ጻፉ።